ያንን አምጪልኝ

«አልጋ አራት ያለችው እብድ አሮጊት ስትጮህብን አደረች» አለች አንደኛዋ የጽዳት ሠራተኛ፣ መወልወያዋን ባልዲ ውስጥ እየነከረች። «ሊነጋ ሲል እጇን አሰሯትና ተገላገልን።» ሁለተኛዋ ሳቅ አለች። «የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበረች አሉ። ስድቧን ብትሰሚው ግን የአውቶቡስ ተራ ነው።»

ጭምቷ ይህን የሰማችው በጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ፣ አንድ እግሯን አንሥታ ጫማዋ ላይ ሰማያዊውን የፕላስቲክ ሽፋን ስታጠልቅ ነው። እግሯን እንዳነሣች ቀረች። አልጋ አራት ላይ የተኙት አማቷ ናቸው። ከሁሉ በላይ ያስደነገጣት «እብድ» መባላቸው አልነበረም፤ «እሷ» መባላቸው ነበር። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ አንቱ ሲባሉ የኖሩ ናቸው። ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ እንኳ ጢማቸው የሸበተ ጎልማሶች የተማሪነታቸው ዘመን ትዝ እያላቸው ሲጋራቸውን ከጀርባ ይደብቁላቸዋል። ባለፈው ሳምንት አንጀታቸው ተጠማዞ በድንገት ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ ለጥቂት ቀናት በመሣሪያ ሲተነፍሱ ቆይተው ቱቦው ወጣላቸው፤ ቤተሰቡ እፎይ ባለ ማግስት ይኼ መጣ። አንቱ ሲባሉ የኖሩት ሴት በአንድ ሌሊት «እሷ» ሆነው አደሩ።

ጭምቷ የሚለውን ስም ያወጡላት ራሳቸው ናቸው። የልጃቸው ሚስት ሆና በገባች ሰሞን «ይቺ ልጅ ጭምት ናት፤ ከአፏ ወሬ አይወጣም» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ስሟ የሚጠራው ባንክ ቤት ስትሄድ ብቻ ነው። ከምትሠራበት ላውንድሪ ለዛሬ ፈቃድ ጠይቃ ነው የመጣችው። አለቃዋ «አማት እንደ እናት ናት፣ ሂጂ» ብሎ፣ ወዲያው ደግሞ «ነገ ግን የሆቴሉ አንሶላ አለ» ብሎ አስታውሷታል።

ውስጥ ስትገባ ክፍሉ ከሌላው ሕንፃ ይቀዘቅዛል። አልጋዎቹ በመጋረጃ ተለያይተዋል፤ ከየአልጋው ራስ በላይ ማሽኖች እየተቀባበሉ ይጮሃሉ፤ መስኮቱ ወተት በመሰለ ወረቀት ስለተሸፈነ ቀን ይሁን ማታ አይለይም። አማቷ ሁለት እጃቸው በነጭ ፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል። ዓይናቸው ፈጧል፤ ብሌኑ ሰፍቶ የኮት ቁልፍ አህሏል። ፊታቸው በላብ ተጠምቋል፤ ክንዳቸው ላይ ግን ብርድ እንዳገኘው ሰው ፀጉሩ ሁሉ ቆሟል። መንጋጋቸው እስኪላቀቅ ያዛጋሉ፤ ያስነጥሳሉ፤ አፍንጫቸው እንደ ሕፃን ይፈሳል፤ እግራቸውን አንድ ቦታ ማሳረፍ አቅቷቸው አንሶላውን ይረግጡታል። ጭምቷ ከኪሷ መሐረብ አውጥታ አፍንጫቸውን ጠረገችላቸው።

«ማነሽ አንቺ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ፍቺኝ!»

«ሲስተርን ልጠይቅና…»

«ደደብ! አንድ ቀን እንኳ በራስሽ ጭንቅላት ብታስቢ ምን አለ!» ብለው ጮሁ። ወዲያው ደግሞ ድምፃቸው ወረደና እንደ ልጅ ሆኑ። «የኔ ልጅ፣ ያንን አምጪልኝ።»

«ምኑን እማማ?» አለች፣ እያወቀችው።

«ያንን ነዋ! ያንን!»

ያን ያህል ሰው፣ ያን ያህል ማሽን ባለበት ክፍል ውስጥ ያ ነገር ምን እንደሆነ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ መስሏታል። ትራማዶል ነው። አማቷ ከደረጃ ወድቀው ወገባቸው የተጎዳ ጊዜ ሐኪም ያዘዘላቸው የህመም ማስታገሻ ነው። ማዘዣው ሲያልቅ አንድ ቀን ወደ ክፍላቸው ጠሯትና፣ በሩን ዘግተው፣ «ጥቂት ብቻ ግዢልኝ» አሏት። ጥቂቱ አላለቀም። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ልብሱን የምትተኩስለት ደንበኛዋ ስለሆነ ማዘዣ አልጠየቃትም፤ ዋጋውን ግን በየጊዜው ከፍ ያደርገዋል። «ልጆቼ ጋ ትንፍሽ እንዳትይ፤ አደራ» ብለዋታል። «በሲጋራ ስንቱን ተማሪ ከትምህርት ቤት አባርሬ፣ በስተርጅና ሱሰኛ ልባል?» አደራ ከባድ ነው፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ጭምቷ ቃሏን ጠብቃ፣ ክኒኑን በተተኮሰ ልብስ መሃል እያስገባች ስታቀብላቸው ኖራለች።

ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ባሏና የባሏ ታላቅ እህት ቆመዋል። እህቲቱን ቤተሰቡም ጎረቤቱም እታለም ነው የሚላት። የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ኃላፊ ናት፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ በቤቱ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሲጨንቀው አምፖል ማየት ይወዳል። አሁንም ጣሪያው ላይ የሚርገበገበውን መብራት ሽቅብ እያየ ነው። ዓይኑ ሥር የጠቆረ ወጣት ዶክተር ወጣና የሦስቱንም ፊት በየተራ ተመለከተ።

«እናታችሁ መጠጥ ይወስዱ ነበር?»

«ምን አልክ?» አለች እታለም። «እናታችን መጠጥ ቤት ባለበት መንገድ እንኳ አታልፍም!»

«ሁሉንም ነው የምንጠይቀው፤ አይቀየሙኝ። የእንቅልፍ መድኃኒትስ? የህመም ማስታገሻ?»

«ለራስ ምታት እንኳ ክኒን አትውጥም።» መልሱ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ወጣ። ባሏ መብራቱን እያየ ነው። ጭምቷ እጇ ላይ የቀረውን መሐረብ አጥፋ ኪሷ ከተተች።

ዶክተሩ ግድግዳውን ተደግፎ አስረዳቸው። ልባቸው ይሮጣል፤ ያልባቸዋል፤ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፤ አእምሯቸው ይምታታል። የሚያረጋጋ መርፌ ተሰጥቷቸው አልያዘላቸውም። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የተሰፋው አንጀት አንጠባጥቦም ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ መጥተው ያዩአቸዋል፤ እስከዚያ ካልተረጋጉ ሆዳቸውን መልሶ መክፈት ሊኖር ነው። «በዚህ ዕድሜ?» አለች እታለም። «በዚህ ዕድሜ» አለ ዶክተሩ። ከኋላው ቁመተ አጭሯ ሲስተር ብቅ ብላ፣ «መነጽር አላቸው? ያለ መነጽር እኮ ሁላችንም ጭራቅ ነው የምንመስላቸው፤ አምጡላቸው» አለች። እታለም ወደ ጭምቷ ሳትዞር፣ «ሂጂ አምጪ» አለች፤ ቤት ውስጥ ጨው አቀብዪኝ እንደምትለው።

አማቷ የሚኖሩት ከጭምቷና ከባሏ ጋር፣ በአንድ ፎቅ ቤት ውስጥ፣ በረንዳ ያለውን ክፍል ይዘው ነው። ጭምቷ በሩን ስትከፍት የናፍታሊን ሽታ ተቀበላት። አልጋው አምቡላንስ በመጣ ቀን እንደተተወ ነው፤ ትራሱ መሃል ላይ ጎድጉዷል። ግድግዳው ላይ በየዓመቱ የተመረቁ ተማሪዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ ፎቶ መሃል እሳቸው ፈገግ ሳይሉ ተቀምጠዋል። ኮሞዲኖው ላይ በሰሐን የተከደነ የውኃ ብርጭቆ አለ። መነጽሩን ከመጽሐፍ ውስጥ አገኘችው። ከዚያ እጇ ሳታዘው ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደና ከወፍራሙ ካፖርት ኪስ ውስጥ ያን ፓኬት አወጣ። ባዶ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

ብትናገር ሁለት ነገር ትሆናለች፦ አደራ በላ፣ እና የሰው እናት ክኒን እያጎረሰች ለዚህ ያበቃች ምራት። እታለም ይህን ዕድሜ ልኳን አትረሳውም፤ ለልጅ ልጅ ትነግረዋለች። ባሏም… ባሏ ምን እንደሚል አታውቅም፤ ዝም ብሎ ወደ አምፖሉ ያያል፤ የሚያስፈራትም እሱ ነው። ባትናገር ደግሞ ሆዳቸው ይከፈታል። ምናልባትም ይድኑ ይሆናል እኮ፤ ምናልባት ነገሩ ክኒኑ አይደለም፤ ዶክተር አይደለችም፣ ምን አውቃ ነው? እንዲህ እያለች ራሷን ስታባብል በሩ ተንኳኳ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ናቸው።

«ተሻላቸው?»

«ደህና ናቸው፤ እግዜር ይመስገን» አለች ጭምቷ።

ሴትዮዋ «ተመስገን» ብለው ወረዱ። ጭምቷ በሩን ይዛ ቆማ ቀረች። ውሸቱ ያላንዳች ችግር፣ እንደ ምራቅ፣ ከአፏ መውጣቱ አስደነገጣት። እጃቸው ታስሮ የሚጮሁትን ሴት ነው ደህና ናቸው ያለችው። አደራ ለሰጪው የሚመለስ ነገር ነው፤ ሰጪው ከሞተ ለማን ይመለሳል? ፓኬቱን ከመነጽሩ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከታ እየሮጠች ወረደች።

ዶክተሩን ለብቻው ልታገኘው ፈልጋ ነበር። እታለም ግን ከበሩ ፊት ንቅንቅ አላለችም። «ምን ልትነግሪው ነው? እዚሁ ንገሪው፤ ከእኔ የሚደበቅ ነገር የለም» አለች። ጭምቷ ፓኬቱን አውጥታ ለዶክተሩ ሰጠችው። «ይኼን ይወስዱ ነበር፤ ከዓመት በላይ ነው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፤ በቅርቡ ማታ ሁለት ሆኗል። የምገዛላቸው እኔ ነኝ።» ድምፅዋ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም። ዶክተሩ ፓኬቱን አገላብጦ አየና በረጅሙ ተነፈሰ፤ ፊቱ ላይ ያየችው ቁጣ ሳይሆን እፎይታ ነበር።

እታለም ግን ጮኸች። ኮሪደሩ ላይ የነበረ አስታማሚ ሁሉ ዞረ። «እናቴን ስትመርዢ ነው የኖርሽው? እኛ ደህና አገኘን፣ ጭምት ናት ብለን ቤታችንን ሰጥተንሽ! የእባብ ዝምታ ነው ለካ!» ባሏ «እታለም፣ ተይ» አለ፤ ግን ድምፁ ከጉሮሮው ስላልወጣ የሰማው የለም። ጭምቷ ወደ እሱ ዞረች። ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎታል። ከእታለም ስድብ ሁሉ ይልቅ ያ ጫማው ላይ የተተከለ ዓይን አቆሰላት።

«አንድ ጊዜ ይስሙኝ» አለ ዶክተሩ ለእታለም። «እንደደበቀችን ብትቀር ኖሮ ነው መቆጣት የሚገባዎት። የእናትዎ ሰውነት መድኃኒቱን ለምዶታል፤ ድንገት ሲቀርበት ነው እንዲህ የሚያደርገው። እኛም አለንበት፤ በመሣሪያ ሳሉ በደም ሥር ጠንካራ ማስታገሻ ስንሰጣቸው ቆይተን ቱቦው ሲወጣ አቆምነው። እሱ ነበር እስከዚያ የክኒኑን ጉድለት የሸፈነላቸው።»

«ሱሰኛ ናት ልትለኝ ነው?»

«እሱን ቃል እኔ አላነሣሁትም። ሰውነት የለመደውን ሲያጣ ይጮሃል፤ የዳኛም ሰውነት ቢሆን፣ የዳይሬክተርም።»

«እና አሁን መልሳችሁ ልትሰጧት?»

«በመጠኑ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እየቀነስን። ከፎቅ በደረጃ ነው የሚወረደው እንጂ በመስኮት አይደለም።»

መድኃኒቱ በደም ሥር ተሰጣቸው። ሲስተሯ ጭምቷን ጠርታ አጠገባቸው አስቀመጠቻት። መስኮቱ ላይ ያለውን ወረቀት በጥፍሯ ከጥግ ላጥ አድርጋ ትንሽ ብርሃን አስገባች፣ መነጽሩን አደረገችላቸው፣ ቀኑ ምን እንደሆነና የት እንዳሉ በቀስታ ነገረቻቸው። አማቷ ጭምቷን አዩ፤ አወቋትም። «መጣሽ?» አሉ። አንድ እጃቸው ተፈታላቸው፤ በእሱ እጅ የጭምቷን አውራ ጣት ጨበጡ። ብዙ ግን አልቆየም። ማዛጋቱ ተመለሰ፤ እግራቸው አንሶላውን መርገጥ ጀመረ፤ ያቺ የተፈታች እጅ የጉሉኮሱን ገመድ መንጭቃ ስትጥለው ደም የጭምቷ ቀሚስ ላይ ተረጨ። እጃቸው መልሶ ታሰረ። ጭምቷን አስወጧት።

የውጭው አግዳሚ ወንበሮች በብረት የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሰው ሲቀመጥ ሌላው ይነቃነቃል። እታለም በአንደኛው ጫፍ፣ ባሏ በሌላኛው፣ ጭምቷ ቆማ። ከግቢው በር ላይ ከሱቅ በእጥፍ ዋጋ የተገዛ የውኃ ጠርሙስ መሃል ላይ ቆሟል፤ የሚጠጣው የለም። ፀጉራቸው የሸበተ ቀዶ ሐኪም ከዶክተሩ ጋር ወጡና የተሰማቸውን በቀጥታ ተናገሩ፤ እሳቸው የሚጠረጥሩት ሆዱን ነው፣ የቀዶ ጥገና ክፍሉ ይዘጋጃል፣ ከቤተሰብ የፈቃድ ፊርማ ያስፈልጋል። ወረቀቱን ለእታለም ሰጧትና ሄዱ። ዶክተሩ ግን ቆየ። ወደ ጭምቷ ቀረብ አለ።

«እባክሽ በደንብ አስቢ» አላት። «የነገርሽኝ ልክ ከሆነ የሰጠናቸው መጠን ሊይዝላቸው ይገባ ነበር። ትንሽ ያዘና ለቀቀ። በግምት እየጨመርኩ ብሄድ ትንፋሻቸውን ላጠፋው እችላለሁ። ካልጨመርኩ ደግሞ ችግሩ ሆዳቸው ነው ማለት ነው፤ ይከፈታሉ። ሌላ የሚወስዱት ነበረ?»

«እኔ የሰጠኋቸው ይኼን ብቻ ነው። እውነቴን ነው።»

«እውነቷን!» አለች እታለም፣ እስክሪብቶውን እየከፈተች። «ከዛሬ ወዲያ የእሷን እውነት ማን ይሰማል?»

«እኔም አለሁበት።»

የተናገረው ባሏ ነው። ሦስቱም ዞሩ። ከጫማው ላይ ቀና ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ላይ እያየ ነው። «ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እገዛላት ነበር። የሳምንቱን። ለሚስትህ እንዳትነግር አለችኝ፤ ምራቴ ፊት አታዋርደኝ አለችኝ።» ጭምቷ ባሏን ተመለከተችው። በአንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተኝተው፣ ሁለቱም ኮርኒሱን እያዩ፣ ሁለቱም አንድ ነገር ሲደብቁ የኖሩባቸው ሌሊቶች በዓይኗ መጡ። ልትቆጣው ፈለገች፤ ግን በምን አፏ?

ዶክተሩ ጠበቀ። እታለም ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ እስክሪብቶውን የፊርማው ቦታ ላይ አሳርፋዋለች፤ እጇ ግን አይንቀሳቀስም። ቀለሙ አንድ ቦታ ላይ እየሰፋ ሄዶ ጥቁር ነጥብ ሠራ።

«የእኔው ቢጫና አረንጓዴ ነው» አለች እታለም በመጨረሻ፣ ራሷን ከወረቀቱ ሳታነሣ። «ሽፋን ያለው። ከመሥሪያ ቤታችን ሥር ካለው መድኃኒት ቤት ነው። ስንት ግራም እንደሆነ አላውቅም። ፋርማሲስቷ… ደውዬ ልጠይቃት እችላለሁ።» ከዚያ እስክሪብቶውን ዘጋችው። «ወንድምህ ቢሰማ ልቡ ይሰበራል አለችኝ። የመጀመሪያ ልጄ ስለሆንሽ ነው ላንቺ የምነግርሽ አለችኝ።» ፊቷን በወረቀቱ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የብረቱ ወንበር ወንድሟንም አብሮ አንቀጠቀጠው።

ዶክተሩ አልገሠጻቸውም። «በሉ ሦስታችሁም አንድ ላይ ተቀመጡና ንገሩኝ» ብቻ ነው ያለው። ተቀመጡ። እታለም እየደወለች፣ ባሏ እያሰበ፣ ጭምቷ እያስታወሰች፣ እናትየው በቀን ምን ያህል ይውጡ እንደነበር አንድ ላይ ደመሩት። ድምሩን ሲሰሙ ሦስቱም እርስ በርስ መተያየት አቃታቸው። እያንዳንዳቸው የሰጡት ትንሽ ነበር። ትንሽ ስለሆነ ነው ሁሉም ልቡን ያሳረፈው።

ዶክተሩ ቀዶ ሐኪሙን ሊያነጋግር ገባ። ከመጋረጃው በስተጀርባ ንግግሩ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማ ነበር፤ ኋላ ፀጉራቸው የሸበተው ሐኪም ብቅ ብለው፣ «እንጠብቃለን፤ ግን ብዙ አይደለም» አሉና ተመለሱ። አዲሱ መጠን ተሰጠ፤ ሲስተሯ ትንፋሻቸውን ልትቆጥር ከአልጋው ራስ ሥር ቆመች። ሦስቱ በመስታወቱ አሻግረው ያያሉ። መጀመሪያ እግራቸው አረፈ። ቀጥሎ ትከሻቸው ከትራሱ ጋር ተስማማ። ማሽኑ ላይ የሚሮጠው ቁጥር ዳገት እንደጨረሰ ሰው እርምጃውን ቀነሰ። ሲስተሯ ጎንበስ ብላ የግራ እጃቸውን ፋሻ ፈታች፣ ዞራ ደግሞ የቀኙን። ፋሻውን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ዶክተሩ ወጥቶ ሆዳቸው ለስላሳ መሆኑን፣ ለዛሬ የሚከፈት ነገር እንደማይኖር፣ ስለ ነገ ግን ማንም እርግጠኛ ሆኖ መናገር እንደማይችል፣ ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም እንደሆነ ነገራቸው። እታለም ያልፈረመችውን ወረቀት መለሰችለት።

ከሰዓት በኋላውን እዚያው አግዳሚው ላይ አሳለፉት። አንድ ጊዜ ባሏ ብቻውን ፈገግ አለና፣ «ቅዳሜ ማታ ልብሷን ሸክፈሽ ወደ ክፍሏ ስትገቢ እኔ በኮሪደሩ ተደብቄ እስክትወጪ እጠብቅ ነበር እኮ» አለ። ጭምቷ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን ያዘች። እታለም አልሳቀችም፤ የውኃውን ጠርሙስ ግን ከፈተችና መጀመሪያ ለጭምቷ አቀበለቻት። «የእባብ» ያለችውን ቃል አልመለሰችውም። አንዳንድ ቃል በአንድ ከሰዓት አይመለስም። ጭምቷ ውኃውን ተቀብላ ጠጣች።

የማታው የጥየቃ ሰዓት ሲደርስ፣ ሕጉ አንድ አንድ ሰው ቢሆንም፣ ሲስተሯ ሦስቱንም አስገባቻቸው። አማቷ ነቅተዋል። መነጽራቸው ዓይናቸው ላይ ነው፤ ደክመዋል፤ ግን እሳቸው ናቸው። ሦስቱን አብረው ቆመው ሲያዩ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ። ተማሪዎች ተሰብስበው ቢሮ ሲገቡ ምን እንደተፈጠረ ከማንም በፊት የሚገባቸው ሴት ናቸው።

«ተነጋገራችሁ?» አሉ በሻከረ ድምፅ።

«ተነጋገርን፣ እማዬ» አለች እታለም።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከመነጽሩ ሥር እንባ ወጥቶ ወደ ጆሯቸው ወረደ። ማንም አልጠረገላቸውም፤ መጥረጉ ያሳፍራቸው ይሆን ብለው ሁሉም ፈርተዋል።

«ማን ነው ቀድሞ የተናገረው?»

ሦስቱም እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ጭምቷ አንድ እርምጃ ቀረበች። «እኔ ነኝ እማማ። አደራዎን አልጠበቅሁም። ይቅር ይበሉኝ።»

አማቷ ዓይናቸውን ገለጡና ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። «አንቺ ትሆኚያለሽ ብዬ አልጠረጠርኩም» አሉ። ቁጣ ይሁን ሌላ ከድምፃቸው መለየት አይቻልም። ቀጥለው ግን እጃቸውን፣ የፋሻው ምልክት ቀይ መስመር ያበጀበትን እጃቸውን፣ ከአንሶላው አውጥተው መዳፉን ወደ ላይ አድርገው አስቀመጡት፤ ጭምቷ ያዘችው።

«ወገብሽን አሁንም ያምሻል?» አለች እታለም። ጥያቄው ከአፏ ከወጣ በኋላ፣ በእነዚያ ሁሉ ወራት ይህንን አንድም ቀን ጠይቃ እንደማታውቅ ገባት፤ ወንድሟም ገባው።

«ወገቤማ ከዳነ ቆየ» አሉ እናትየው። «ለማቆም ሞክሬ ነበር። በዚያ ክረምት ጉንፋን ያዘኝ ብዬ በሬን ዘግቼ የተኛሁ ጊዜ፣ ጉንፋን አልነበረም።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ብቻዬን ልወጣው ብዬ ነበር። በአራተኛው ቀን ያላበድኩት በስንት መከራ መሰላችሁ። ሦስታችሁም በየተራ መጣችሁ፤ ሾርባ ይዛችሁ፣ ከሾርባው ጋር ደግሞ እሱን ይዛችሁ።»

ባሏ ፊቱን ወደ መጋረጃው አዞረ። እታለም አልጋውን ያዘች። «ከመጀመሪያው ንገሪን» አለች። «አንዱንም ሳትተዪ።»

«ረጅም ነው። ተቀመጡ።»

ወንበሩ አንድ ነው። እታለም ሳበችውና ለጭምቷ አቀረበችላት። ጭምቷ «ኧረ አይሆንም፣ አንቺ ተቀመጪ እታለም» አለች። «ተቀመጪ አልኩሽ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመሽ ነው የዋልሽው» አለች እታለም። «በፍጹም፣ ታላቅ እያለ!» «በሞቴ ተቀመጪ!» «በእኔ ሞት አንቺ!» ወንበሩ በሁለቱ መሃል ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት ብረቱ ወለሉን ፋቀው፤ የአልጋ አምስቱ ሕመምተኛ ሳይቀር ቀና ብሎ አየ።

«ኸረ አንዳችሁ ተቀመጡ!» አሉ አማቷ። ድምፁ ደካማ ነበር፤ ግን የዳይሬክተር ነበር።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ወንበር ላይ፣ ቁጭ አሉ።